መዳፍሽ ላይ ትጽፊው የነበረው

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ቆየሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ። ሌላውን ስንገናኝ እንጨዋወታለን።

ሰሞኑን አንዲት ሴት ልታከም ብላ መጣች። ማን እንደሆነች አልነግርሽም። ለድባቴ ደጋግማ ታክማለች። መድኃኒቱ ትንሽ ያነሣታል፤ ተመልሳ ትወድቃለች። የቀጠሮ ወረቀቷን ስትቀበለኝ መዳፏን አየሁት። በሰማያዊ እስክሪብቶ «ጨው፣ ላምባ፣ ክትባት» ይላል። ግማሹን ላብ አጥፍቶታል። ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ።

ብቸና፣ አራተኛ ክፍል። እናትሽ የላከችሽን እንዳትረሺ መዳፍሽ ላይ ትጽፊና መጻፍሽን ራሱ ትረሺዋለሽ! ማርቆስ ቤት ተከራይተን ስንማርስ ስንቱን ሽሮ አሳረርሽብን? ለፈተና ዋዜማ ግን ሌሊቱን ሙሉ አጥንተሽ ከሁላችን በላይ ታመጪ ነበር።

እና... እንዴት ልበልሽ። ኤዲኤችዲ ሲባል ሰምተሽ ይሆናል፤ ከልጅነት ጀምሮ ትኩረት የሚያሳጣ፣ አንዳንዱንም የሚያቅበጠብጥ ችግር ነው። ወንዱ ልጅ ዴስክ ላይ ይወጣል፤ መምህሩ ወላጅ ያስጠራል። ብዙዎቹ ሴቶች ግን ቁጭ ባሉበት ነው ሐሳባቸው የሚነጉደው። ማን ልብ ይላቸዋል? «ዝንጉ» እየተባሉ ያድጋሉ። ቤትና ልጅ ሲደራረብባቸው ይዝላሉ። እኛ ጋ ሲመጡ ድባቴውንና ጭንቀቱን ብቻ እናያለን። የወር አበባ ሲቃረብ እንደሚብስባቸውም ብዙዎቹ ይናገራሉ።

ከሰው ጋር መግባባት የሚከብድበት ኦቲዝምም እንዲሁ ነው። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ ካነሣቸው 11 ልጆች ሴቶቹ 3 ብቻ ነበሩ። ሴቷ ሰው ሲስቅ አይታ ትስቃለች፤ ቤቷ ስትገባ አቅም ያጥራታል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር መመሪያ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እኔስ ስንቷን «ድባቴ ነው» ብዬ ሸኝቼ ይሆን? እንቅልፍ የነሣኝ ይኼ ነው።

ሌላም አለ። ዩኒቨርሲቲ ስታቋርጪ «ብትፈልጊ ኖሮ ትችይ ነበር» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ምንም ሳትመልሺልኝ የሻንጣሽን ዚፕ ዘጋሽ። ድምፁ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ትፈልጊ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስታነቢ አይቼሻለሁ እኮ።

አለብሽ ማለቴ አይደለም። በደብዳቤ ምርመራ የለም፤ ለወዳጅ ደግሞ ሐኪም መሆን አይቻልም። እንቅልፍ ማጣትም የታይሮይድ ችግርም ትኩረትን ያጠፋል፤ መታየት አለበት። ከፈለግሽ ከማምነው ሰው ጋር አገናኝሻለሁ። ምልክቱ ከ12 ዓመትሽ በፊት እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ካለ ይጠቅማል። ያን ጊዜ አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር፤ የሚጠይቀኝ ካለ ያየሁትን እናገራለሁ።

የአራተኛ ክፍል ካርድሽ እናትሽ ሳጥን ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። መምህራችን ከጀርባው «ጎበዝ ናት፤ ልቧ ግን ክፍል ውስጥ የለም» ብለው ጽፈውበት ነበር። ለፋሲካ ብቸና እወርዳለሁ። ካርዱን እናትሽን ልጠይቃት? አንቺ እሺ ካላልሽኝ አልጠይቃትም።

ያንቺው