የፈረሰው ቤት እንጨት ሁሉ ማገዶ አይሁን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ይሄን የምጽፍላችሁ ስለ ፈረሱ ቤቶች እንጨት ነው፣ ማለት በሩ መስኮቱ ጣውላው ምሰሶው ቤቱ ከፈረሰ በኋላ የት እንደሚሄድ። እኔ ምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ተነስቶ ስንት ሰፈር ሲነካ የፍራሹ እንጨት በአይሱዙ እየተጫነ ዳር ዳር ወዳለነው ሰፈሮች ይመጣ ጀመር፣ ደህና ደህናው በርና ምሰሶ ለቤት መስሪያ ይሸጣል እሺ፣ የተሰበረው፣ አጭሩ፣ ጫፉ የተሰነጠቀው ግን በቀጥታ ማገዶ ነው። እኔን ሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ለምን ብትሉኝ ሰፈራችን ውስጥ ከዚሁ ከተሰበረው እንጨትና ከወዳደቀ ብረት ቅርጻ ቅርጽ ሚሰራ ልጅ አለ። ስሜን አትጥሪ ስላለኝ አልጠራውም። አርት ስኩል አልገባም፣ አናጺ ስር ሆኖም አልተማረም፣ ኮንዶሚኒየም ሲገነባ የቀን ሰራተኛ ሆኖ አርማታ ሚሞላበትን ጣውላ ሲያስርና ሲፈታ ነው እንጨት የለመደው፣ ብየዳውን ጋራዥ በር ላይ ቆሞ እያየ፣ የቀረውን ከዩቱብ። አሁን በቆርቆሮ የጋረዳት ጠባብ ቦታ አለችው፣ እዛ ነው ውሎው።

አንዷን ስራውን ልንገራችሁ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት ናት። ጀርባዋ የመኪና ባሌስትራ (የመኪናውን ሸክም የሚይዘው የብረት ዝርግ) ነው፣ ባሌስትራ መቼም ድሮውኑ ጎባጣ ነው፣ እሱ ምንም ሳያጎብጠው እንዳለ አቁሞ ነው የበየደው። አንገቷ የሞተር ሳይክል ሰንሰለት ነው፣ ከሸክሙ ስር ትንሽ ቀና ብላ መንገዱን ታያለች። ሸክሟ ደግሞ ከፈረሰ ቤት የመጣ የመስኮት መዝጊያ ስንጣሪ ነው፣ ቀለሙን ሙሉ በሙሉ አልፋቀውም፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ከላይ አረንጓዴ፣ ከስሩ ሰማያዊ፣ ከሱም ስር ክሬም አለ፣ የሆነ ቤተሰብ በዓል በደረሰ ቁጥር መስኮቱን ሲያሳምር ኖሯል ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ሳያት ቃል ነው ያጣሁት፣ እነዛ እናቶች ስንት ዘመን በአጠገባችን አልፈዋል እኮ።

እና ይሄ እንጨት ተራ እንጨት አደለም። ድሮ ቤት ላይ የገባው ውስጥ ጥድ አለ፣ ዝግባ አለ፣ ዋንዛም አለበት። ዛሬ ሄዳችሁ ልግዛ ብትሉ በብዛት ምታገኙት ባህር ዛፍ ነው፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን አቁሞ የያዘ ዛፍ ስለሆነ ክፉ አልናገረውም፣ ግን ሲደርቅ ይጣመማል ይሰነጠቃል። የድሮው እንጨት ጣሪያ ስር አመታት ደርቆ መጣመሙን ጨርሶ ነው ሚመጣው፣ ጥዱን ደግሞ ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። ልጁ መላጊያውን አሳርፎ ሲገፋ ያ የጥድ ሽታ እንደ አዲስ ቤቱን ይሞላዋል። ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶን ከመንግስት ደን መቁረጥ በህግ ክልክል ነው፣ ተገቢም ነው፣ ታዲያ ከጫካ አትቁረጡ የተባለውን ዛፍ ከፈረሰ ቤት አውጥተን ምድጃ ውስጥ መክተት ምን ሚሉት ነገር ነው??

ስራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቀኑን ሙሉ ሚስማር በጉጠት ሲነቅል ሊውል ይችላል፣ አንድ ሚስማር ውስጥ ከቀረ የመላጊያውን ምላጭ ይበላዋል። የድሮ ቀለም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ስለሚችል ውሀ አርከፍክፎ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ነው ሚፍቀው፣ አቧራው እንዳይነሳ። (በነገራችን ላይ እናቶቻችን ይሄንኑ ቀለም የተቀባ እንጨት ነው እያነደዱ እንጀራ ሚጋግሩት፣ ጭሱን ደግሞ ህጻን ያዘለችውም ትተነፍሰዋለች፣ ይሄ ለብቻው ሊጻፍበት ሚገባ ነገር ነው።)

ብረቱ እኮ ተመልካች አለው። ቆራሊዮው ከየቤቱ ይለቅማል፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፣ ከዛ ወይ ሌላ እቃ ይሆናል ወይ በኪሎ ተመዝኖ ብረት ማቅለጫ ይገባል። ለተሰበረ እንጨት ግን እንዲ አይነት መንገድ የለም፣ ስለዚ ቀድሞ የደረሰው ይማግደዋል።

የተጣለ ነገር ስራ ይወጣዋል ወይ ለሚል ሰው አርቲስቱን ኤልያስ ስሜን ማየት ነው፣ ከመርካቶ በገዛው የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒዩተር ቦርድ የሰራው ስራ በአለም ትልልቅ ሙዚየሞች ተሰቅሏል፣ ከስነ ጥበብ ኤግዚቢሽን አዘጋጇ ከመስከረም አሰግድ ጋር የሰሩት ዞማ ሙዚየምም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ መካኒሳ በኩል ክፍት ነው። እሱ እርግጥ አርት ስኩል የተማረ ነው። የኛ ሰፈር ልጅ ግን የመስሪያ ቦታ ልጠይቅ ብሎ አንድ ቢሮ ቢሄድ የተጠየቀው "በርና መስኮት ነው ምትሰራው ወይስ አልጋ?" ነው፣ ቅርጽ ነው ምሰራው ሲል እንደዛ ሚባል የለም ተብሎ ተመለሰ። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተናው በልምድ ለተማረም ክፍት ነው፣ ተፈትኖ ሊያልፍም ይችላል፣ ግን ያቺን እናት በየትኛው መመዘኛ ነው ሚመዝኗት? ገዢውም ቢሆን መጥቶ አድንቆ አድንቆ ዋጋ ሲሰማ "ውዳቂ እንጨት አደል እንዴ" ይለዋል። ጉልበቱስ? እጁስ?

እኔ ምለው ከባድ ነገር አይደለም። ኤክስካቫተር ከመግባቱ በፊት በርና መስኮቱ፣ ደረጃው፣ የበረንዳው እንጨት በሰው እጅ ይነቀል፣ አንድ ግቢ ይሰብሰብ፣ የተሰበረውም ሳይቀር በየአይነቱ ተለይቶ በቁርጥ ዋጋ ይሸጥ፣ መጀመሪያ አናጺዎችና እንዲ አይነት ልጆች ይምረጡበት፣ ከነሱ የተረፈው ቀለም የሌለው ማገዶ ይሁን፣ እሱን አልቃወምም። ለነቀላው ደግሞ ስራ የፈቱ ወጣቶች ሞልተዋል። የመስሪያ ቦታ ሚሰጡ ቢሮዎችም ፎርማቸው ላይ ለቅርጽ ስራ አንድ መስመር ይጨምሩ።

ጋዜጠኛ ልካችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል፣ እኔ ራሴ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጠብቄ አደርሳችኋለሁ፣ እሱም ስራዎቹን ለማሳየት እሺ ብሎኛል። ብቻ ቶሎ ብትመጡ፣ ያቺን እናት ሊገዛት ሚጠይቅ ሰው አለ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ