«ጓያ ሰበረው» ከመባሉ በፊት ጀርባው ይታይ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጣና ዙሪያ፣ በተለይም በደምቢያና በፎገራ፣ እግሩ የተገተረበትን ወጣት ያየ ሰው ሁሉ «ጓያ ሰበረው» ይላል። አባባሉ መሠረት አለው። ዝናብ ባጠረ ዓመት ሌላው ሰብል ሲከዳ ጓያ አይከዳም፤ ቂጣውም ሽሮውም ንፍሮውም ከእርሱ ብቻ ሆኖ ለሳምንታትና ለወራት ሲዘልቅ፣ በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ እግርን የሚያዝዙትን ነርቮች ይጎዳል፤ የተጎዳውም አይመለስም። (እንፋሎቱ የነካው ወይም ማሳውን ያቋረጠ ሰው ይሰበራል የሚባለው ግን እውነት አይደለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከመብላት ነው።) ይህን የምጽፍልዎ ያችው ቃል የእህቴን ልጅ አምስት ወር ስላባከነችበት ነው።

ልጁ 19 ዓመቱ ነው። እግሩ ከመዛሉ አስቀድሞ ጀርባውን ሌሊት ሌሊት ያመው፣ ያልበው ነበር፤ ሰውነቱም ከስቶ ነበር። ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሸው፤ አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። እግሩ ሲከዳው ያየው የጤና ባለሙያ የመጣበትን ወረዳ ጠየቀው፤ ቤተሰቡ ጓያ ይበላ እንደሆነም ጠየቀው። «አዎ» ሲለው መድኃኒት እንደሌለው ነግሮ ሸኘው። ባለሙያው ላይ አልፈርድም፤ በአካባቢው የሚታወቀውን በሽታ ቀድሞ ማሰብ የማንም ልማድ ነው። ጠበልም ተወሰደ። ወደ ባሕር ዳር ያመጣነው ሽንቱ አልወጣ ሲለው ነው። እዚህ ያየችው ሐኪም ሸሚዙን አስወልቃ አከርካሪውን ከላይ ወደ ታች በጣቷ ስትዳስስ ጉብታ አገኘች፤ በመርፌ ጫፍ ስትነካካውም ከእምብርቱ በታች ደንዝዟል። በኤምአርአይ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶች ተበልተው፣ የተጠራቀመውም መግል ሕብለ ሰረሰሩን ተጭኖ ታየ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከተወሰደው ናሙናም ቲቢ ተገኘ። ዛሬ በዱላ ይራመዳል፤ ግራ እግሩ ግን አሁንም ይጎተታል።

የአከርካሪ ቲቢ ለሕክምናው ዓለም አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት የጀርባን መጉበጥና የእግርን መስነፍ አያይዞ የጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1779 ነው። ከጓያው የሚለየውም በቀላሉ ነው። ጓያ የሰበረው ሰው በጣቶቹ ጫፍ ይራመዳል፣ ጉልበቶቹም ይጠላለፋሉ፤ ነገር ግን የቆዳው ስሜት እንዳለ ነው፣ ጀርባው አይጎብጥም፣ ጉዳቱም ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ መብላቱን ከተወ በአብዛኛው አይብስም። በየሳምንቱ እየባሰ የሚሄድ፣ ከታች ወደ ላይ እያደነዘዘ የሚወጣ፣ ሽንት የሚከለክል ድካም ሲሆን ቲቢም፣ ዕጢም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ሊታሰብ ይገባል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ይታከማሉ። የአከርካሪ ቲቢ በመንግሥት ተቋማት በነጻ በሚሰጠው መድኃኒት፣ አንድ ዓመት ገደማ ተወስዶ፣ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል።

በየጤና ጣቢያው ኤምአርአይ ይተከል አልልም። እግሩ የዛለ ሰው በመጣ ቁጥር ልብሱ ወልቆ ጀርባው እንዲዳሰስ፣ ስሜቱ በመርፌ ጫፍ እንዲፈተሽ፣ ስለ ሽንቱም እንዲጠየቅ፣ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከተገኘ ሪፈር በዚያው ቀን እንዲጻፍ ግን የክልሉ ጤና ቢሮ መመሪያ ቢያወርድ መልካም ነው። ጋዜጣዎም በጤና ዓምዱ የነርቭ ሐኪም ጋብዞ ይህንኑ ለገበሬውም ለወጌሻውም ቢያስረዳልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎ፣ ከባሕር ዳር