ደሴ ላይ 30 ኢንች ቫኪዩም የሚያሳይ ጌጅ የለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ወይም የሕክምና ሕንፃ ተሠርቶ ሲያልቅ የማሞቂያና የማቀዝቀዣው ርክክብ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ነው የሚፈጸመው። ተቋራጩ ሪሞቱን ይጫናል፤ ነፋሱ ይመጣል፤ አማካሪው እጁን ከማውጫው ሥር ዘርግቶ «ይሠራል» ይላል፤ የጊዜያዊ ርክክብ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል። በሥራ ዝርዝሩ ግርጌ «ቴስቲንግ ኤንድ ኮሚሽኒንግ» (ፍተሻና ሥራ ማስጀመር) የምትባለው መስመር መጠን የላትም፤ ላምፕሰም፣ ማለትም አንድ ጥቅል ዋጋ፣ ተጽፎባት ትታለፋለች። አሠሪው ምን እንደተለካ ሳያውቅ ገንዘብ የሚከፍለው በዚችው መስመር ነው።

ልማዱ የትም ቢሆን መጥፎ ነው፤ እኛ ዘንድ የሚያባብሰው ከፍታው ነው። የፋንና የኮንደንሰር ካታሎግ በአብዛኛው የሚታተመው የባሕር ጠለልን አየር ይዞ ነው፤ ሞተሮችም በተለምዶ ዋስትና የሚሰጣቸው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ሥራ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው የሚያገኟት ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎፓስካል ሲሆን ኮምቦልቻ 81፣ ደሴ 75 ያህል ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ባሕር ጠለል ላይ 1.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን ኮምቦልቻ 0.96፣ ደሴ 0.89 ይመዝናል። ደሴ ላይ ባቄላ አልበስል ብሎ ከሰል ሲፈጅ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ውሃው ገና 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላልና።

ከቫኪዩም ልጀምር፤ ውሸት ቶሎ የሚጋለጠው እዚያ ላይ ነው። የማቀዝቀዣው ጋዝ የሚሄድበት መስመር ተበይዶ ካለቀ በኋላ ውስጡ ያለው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ይወጣል። ባለመርፌው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) የሚያነበው ከውጭው አየር ጋር እያነጻጸረ ስለሆነ ጨርሶ ባዶ የሆነ ቱቦ ባሕር ጠለል ላይ ከዜሮ በታች 30 ኢንች (የሜርኩሪ) ያሳያል፤ ኮምቦልቻ ግን 24፣ ደሴ 22 ኢንች ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የሚወርድበት የለውም። እንግዲህ ከደሴ በመጣ የሙከራ ቅጽ ላይ «ቫኪዩም፦ 30 ኢንች» ተጽፎ ያገኘ ተቆጣጣሪ ቁጥሩ ከመመሪያ የተገለበጠ መሆኑን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ሐቀኛው ቴክኒሻን ደግሞ መርፌው 22 ላይ ሲቆምበት ፓምፑ የደከመ መስሎት ዘይት ሲቀይር ይውላል።

ሁለቱንም የሚገላግለው የማይክሮን ጌጅ ነው፤ ከውጭው አየር ጋር ሳያነጻጽር የቱቦውን ግፊት ብቻ ስለሚለካ ከፍታ አያታልለውም። 500 ማይክሮን (አንዱ ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አንድ ሺህኛ ነው) ወይም ከዚያ በታች ከደረሰ በኋላ ፓምፑ በቫልቭ ተነጥሎ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይጠበቃል። ቁጥሩ ከ1,000 በላይ ወጥቶ ከረጋ ቱቦው ውስጥ እርጥበት ቀርቷል፤ ሳይቆም ሽቅብ ከሄደ የሚያፈስ ቦታ አለ። እርጥበቱን ንቆ ማለፍ ኮምፕረሰር (ጋዙን የሚያምቀውን ማሽን) ያስበላል፤ ከአሁኖቹ ጋዞች ጋር የሚሠራው የፖሊኤስተር ዘይት ውሃ ይጠጣል፣ አሲድ ይፈጥራል፣ አሲዱ የሞተሩን ጥቅል ሽቦ ሽፋን ይበላል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ጠዋት ቱቦው ስለሚቀዘቅዝ እርጥበቱ የሚተነው ቀስ ብሎ ነው። ደረቅ ናይትሮጅን አስገብቶ ቫኪዩሙን መስበር፣ እንደገና መሳብ፣ ይህንኑ ሦስት ጊዜ መደጋገም ሥራውን ያፋጥነዋል።

ከቫኪዩሙ በፊት የሚመጣው የግፊት ሙከራም ቅጽ ላይ ብቻ የሚኖርበት ጊዜ ብዙ ነው። ለ410ኤ ጋዝ የተዘረጋ መስመር በናይትሮጅን መጀመሪያ ወደ 5 ባር፣ ቀጥሎ ወደ 15፣ በመጨረሻም አምራቹ ወደሚያዘው 40 ባር ገደማ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ቆም ተብሎ ማያያዣዎቹ በሳሙና አረፋ ይፈተሻሉ፤ ከዚያ 24 ሰዓት ይቆያል። ግፊቱ ብቻ ሳይሆን የአየሩ ሙቀትም በመጀመሪያና በመጨረሻ መመዝገብ አለበት። 40 ባር ላይ አንድ ዲግሪ ለውጥ 0.14 ባር ያህል ስለሚያንቀሳቅስ ከሰዓት በኋላ የተሞላ መስመር ሌሊቱ በ15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ምንም ሳያፈስ ጠዋት 2 ባር ጎድሎ ይገኛል። ሙቀቱን ያልጻፈ ሰው ወይ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል፣ ወይ ያለውን ቀዳዳ በብርድ አሳብቦ ያልፋል። ናይትሮጅን ጠፋ ተብሎ ከጋራዥ የኦክስጅን ሲሊንደር ማምጣት በፍጹም አይቻልም፤ ኦክስጅን በግፊት ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል።

ጋዝ የሚሞላው በሚዛን ነው። የፋብሪካው ሙሊት የተወሰነ የቱቦ ርዝመት ብቻ ይሸፍናል፤ ከዚያ ለሚተርፈው በትናንሽ ስፕሊቶች (አንዱ ክፍላቸው ውጭ፣ አንዱ ውስጥ በሚተከል ማሽኖች) ላይ በሜትር 15 እና 20 ግራም መካከል መጨመር የተለመደ ነው፣ ትክክለኛው ቁጥር ግን የማሽኑ መመሪያ ላይ ያለው ነው። «በጌጅ አይቼ ሞላሁ» የሚለው አነጋገር እዚህ ሌላ ወጥመድ አለበት። ደሴ ላይ ጌጁ ለአንድ ዓይነት የጋዝ ሁኔታ ከባሕር ጠለል ይልቅ 0.26 ባር ያህል አብልጦ ያነባል። በ134ኤ ጋዝ ይህ በትነት ሙቀቱ ላይ የ2 ዲግሪ ስሕተት ነው፤ ሱፐርሂቱ (ጋዙ ከትነት ሙቀቱ በላይ የሞቀበት መጠን) ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል፣ ቴክኒሻኑም «ጋዝ በዝቷል» ብሎ ያፈስሳል። በ410ኤ ስሕተቱ ከ1 ዲግሪ አይበልጥም።

ወደ ነፋሱ እንሂድ። ሙቀት የሚሸከመው የአየሩ ክብደት እንጂ ስፋቱ አይደለም። ከክፍሉ በ10 ዲግሪ በሚሞቅ አየር 10 ኪሎዋት ለማድረስ ባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 3,000 ሜትር ኩብ ያህል ይበቃል፤ ኮምቦልቻ 3,700፣ ደሴ 4,000 ይጠይቃል። ፋን ደግሞ በአንድ ፍጥነት የሚገፋው ስፋት ከፍታ ቢለወጥም አይለወጥም፤ ክብደቱ ብቻ ይጎድላል። የሞተሩ አምፔር ቀሎ ሲታይ «ገና አቅም አለው» ተብሎ ፋኑ እንዲፈጥን ፑሊ (የቀበቶው መዘውር) ይቀየራል። ጉድለቱን በፍጥነት ብቻ ለማካካስ ፍጥነቱ በሲሶ ማደግ ሲኖርበት የሚፈለገው ኃይል ግን ባሕር ጠለል ላይ ከሚፈለገው 1.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ያውም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ያው የሳሳ አየር ነው። ይህ ዲዛይን ላይ መፈታት የነበረበት ነገር ነው፤ ኮሚሽኒንግ ሊያጋልጠው እንጂ ሊጠግነው አይችልም።

መለኪያውም ይዋሻል። በፒቶ ቱቦ (የነፋስን ፍጥነት በግፊቱ በሚለካ ቱቦ) የ60 ፓስካል ፍጥነት ግፊት ሲነበብ በባሕር ጠለል ስሌት በሰከንድ 10 ሜትር ነው፤ ኮምቦልቻ 11.2፣ ደሴ 11.6 ነው። የጋለ ሽቦ ያለው አኒሞሜትር (የነፋስ ፍጥነት መለኪያ) ካልታረመ ደሴ ላይ ሩብ ያህል አሳንሶ ያነባል። ባለትንሿ ፕሮፔለር ግን ብዙም አትሳሳትም። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ የመሣሪያው ዓይነትና የገባለት የአየር ግፊት ካልተጻፈ የማውጫዎቹ ልኬት ከዲዛይኑ በ10 በመቶ ውስጥ ነው መባሉ ትርጉም የለውም።

ኦፕሬሽን ክፍል ላይ ሁለቱ ስሌቶች ይለያያሉ፤ ብዙ አማካሪዎችም የሚያምታቱት እዚህ ላይ ነው። በሰዓት 20 ጊዜ አየር መለወጥ የሚለው የአሽሬ (የአሜሪካው የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር) 170 መስፈርት የስፋት ጉዳይ ስለሆነ ከፍታ አይነካውም፤ 108 ሜትር ኩብ ክፍል ደሴም ቢሆን 2,160 ሜትር ኩብ በሰዓት ነው። ያው አየር የሚሸከመው ሙቀት ግን ለብቻው መታሰብ አለበት። ክፍሉ ከኮሪደሩ ቢያንስ በ2.5 ፓስካል ከፍ ማለቱ በሩ ተዘግቶ በማኖሜትር (የግፊት ልዩነት መለኪያ) ይለካል፤ በር ሥር ክር አንጠልጥሎ መገመት የአቅጣጫ እንጂ የመጠን መረጃ አይሰጥም።

ስለ ኤሌክትሪኩ አጭር ነኝ። ኮምፕረሰሩ ከመነሳቱ በፊት የዘይት ማሞቂያው ቢያንስ 12 ሰዓት ይብራ፤ በብርድ ሌሊት ጋዙ ዘይቱ ውስጥ ይተኛል፣ ሲነሳም ዘይቱን አረፋ ያደርገዋል። ከሦስቱ ፌዞች ሁለቱ ተለዋውጠው ከታሰሩ ስክሮል ኮምፕረሰር እየጮኸ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ግፊት አይፈጥርም፤ የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌው አንዱን ፌዝ በመንቀል ይፈተን። መብራት ሆን ተብሎ ጠፍቶ፣ ጀነሬተሩ ተረክቦ፣ ማሽኖቹ ሁሉም በአንዴ ሳይሆን በየተራ መነሳታቸው ይታይ። የሙቀት ሴንሰር ማመሳከር ከተፈለገ በበረዶ ውሃ ነው፤ በፈላ ውሃ «100 ዲግሪ» ብሎ ያስተካከለ ሰው ደሴ ላይ 8 ዲግሪ ስሕተት አስገብቷል።

አሠሪዎች ሲዋዋሉ ያችን የላምፕሰም መስመር ይበትኗት። የናይትሮጅን ሙከራው ከነሙቀቱ፣ የማይክሮን ንባቡ ከ15 ደቂቃው ጋር፣ በሚዛን የገባው ጋዝ፣ የእያንዳንዱ ማውጫ የአየር መጠን፣ የእያንዳንዱ ሞተር አምፔር ለየብቻቸው ዋጋ ይኑራቸው፤ ተቆጣጣሪው ቆሞ ላላየው ልኬት ክፍያ አይጻፍ። የልኬቱ ቅጂም የአሠሪው ቢሮ ብቻ ሳይሆን ማሽኑ ክፍል ግድግዳ ላይ ይንጠልጠል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለጥገና የሚመጣው ሰው የሚያነጻጽርበት ይኖረዋል።

ደግሞ ግንቦት ላይ የተፈተነ ማሞቂያ አልተፈተነም። የዋስትናው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 365 ቀን ስለሆነ ሁለቱም ወቅቶች በውስጡ ያልፋሉ፤ የደሴው ማሞቂያ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ንጋት፣ የኮምቦልቻው ማቀዝቀዣ በሰኔ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንደገና እንዲለካ ቀኑ በውሉ ይጻፍ፤ መያዣ ገንዘቡም ከዚያ በፊት አይለቀቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሜካኒካል ሥራዎች ተቆጣጣሪ
ደሴ