«እዚያ ምን ይበቅላል?» ላሉኝ አባቴ

ትሮምሶ (ኖርዌይ)፣ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድና ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ክረምት ሲገባ የጉልበትዎ ሕመም እንደሚብስብዎ ስለማውቅ ሐሳቤ ሁሉ እርስዎ ዘንድ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሥራዬም እንደ ወትሮው ነው።

በፋሲካ ስንደዋወል «ለመሆኑ እዚያ ምን ይበቅላል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ስልኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን «ብዙ ነገር ይበቅላል» ብዬ አለፍሁት። ዕድሜያቸውን በደባርቅ ችግኝ ጣቢያ ዘር ሲዘሩና ችግኝ ሲያፈሉ ለኖሩ ሰው እንዲህ ያለ መልስ መስጠቴ ሲቆጨኝ ሰነበተ። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ እንደ ወጣሁ ወደ ከተማችን የዕፅዋት ማዕከል ሄጄ፣ ለእርስዎ እንድጽፍልዎ ብዬ መደቡን ሁሉ አንድ በአንድ እየዞርሁ አየሁ።

ማዕከሉ የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም አንድ ክፍል ሲሆን ለሕዝብ የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1994 ነው። በዓለም ላይ ካሉት የዕፅዋት ማዕከላት ሁሉ ወደ ሰሜን ርቆ የሚገኘው ይህ ነው ይባላል፤ በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ከሚሰመረው ከአርክቲክ ክበብ እንኳ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ያልፋል። አጥርም፣ በርም፣ የመግቢያ ክፍያም የለውም። እኔ የደረስሁት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ቢሆንም ፀሐይዋ ገና ከተራራው በላይ ነበረች፤ አንዲት እናት ሕፃን ልጃቸውን በጋሪ እየገፉ በአበቦቹ መካከል ይመላለሱ ነበር። እዚህ ከግንቦት 12 ገደማ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ ፀሐይ ጨርሳ አትጠልቅም። በአንጻሩ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥምቀት ሰሞን ድረስ ፊቷን አናያትም። ያ ጊዜ ለእኔ እስከ ዛሬም ከባድ እንደሆነ ከእርስዎ አልሸሽግም።

እርስዎ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ውርጭ እንደሚሆን አውቃለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል ከማታ ጀምረው መደቦቹን በሣር ሲያለብሱ፣ ሳይሸፈን ያደረውን ችግኝ ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ፀሐይ ሳታገኘው ውኃ ሲያርከፈክፉበት፣ እኔም ጣሳ ይዤ ስከተልዎ ትዝ ይለኛል። እዚህ ያንን የሣር ሥራ የሚሠራው በረዶው ራሱ ነው። እኛ ስለ በረዶ ስናስብ የምናስበው ሰብል የሚያወድመውን ድንጋይ መሳዩን ነው፤ ይህኛው ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ እየረገፈ ይከመርና በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ፣ ላዩ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ከሥሩ ያለው መሬት ብዙም ሳይቀዘቅዝ ይከርማል። በ1989 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ በዚህ ከተማ 2 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር በረዶ ተከምሮ ተለክቷል። አትክልተኞቹን የሚያስጨንቃቸው የበረዶው መብዛት ሳይሆን መሳሳቱ ነው፤ በብርዱ ወራት እኩሌታ ዝናብ ዘንቦ በረዶውን ካቀለጠውና ወዲያው ደግሞ ከቀዘቀዘ፣ ተክሉ ልብሱን እንደ ተገፈፈ ሰው ይሆናል። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ወገን የሚመጣ ሞቃት የባሕር ፍሰት ይህን ጠረፍ እየዳሰሰ ስለሚያልፍም፣ የጥር ወር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወደ ሰሜን በዚሁ ርቀት ላይ ያለው የሳይቤሪያ መሬት ግን በጋም ክረምትም ከሥሩ እንደ በረደ ይኖራል።

መደቦቹ በቋጥኝና በጠጠር የተሠሩ ናቸው። አፈሩ ላይ ጠጠር የሚያለብሱት ለጌጥ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ውኃ በተክሉ አንገት ዙሪያ ቆሞ እንዳያበሰብሰው ነው። እርስዎም ከወንዝ አሸዋ እያስመጡ በመደብ ላይ ይነሰንሱ የነበረው ለዚሁ እንደ ነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በአንዱ ቋጥኝ ላይ እንደ ትንሽ መከዳ የተድበለበለ ተክል አግኝቼ እጄን ጫንሁበት፤ ነፋሱ ጣቴን እያደነዘዘው መከዳው ግን ለብ ያለ ነበር። ቅጠሎቹ እንዲህ ተጠጋግተው የሚኖሩት ከፀሐይ ያገኙትን ሙቀት ነፋስ እንዳይወስድባቸው ነው። ሌላው ሳክሲፍራጋ የሚሉት ሐምራዊ አበባ ነው፤ እኔ ስደርስ ዘሩን አፍርቶ ጨርሶ ነበር። እርሱ እንቡጡን ባለፈው ዓመት፣ በረዶ ሳይጥል ቋጥሮ ስለሚያድር በረዶው እንደ ቀለጠ ወዲያውኑ ያብባል። የሚያድግበት ወራት ጥቂት ስለሆነ በጊዜው ሊቀልድ አይችልም።

ብዙ የቆየሁት ፓፒ በሚሏቸው አበቦች ዘንድ ነው። የአርክቲኩ ፓፒ እንደ ጽዋ የተከፈተ አበባ ያለው ሲሆን ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርጎ እርሷን እየተከተለ ይዞራል፤ ፀሐይ በማትጠልቅበት ወቅት ሌሊቱንም አያርፍም። ጽዋው ብርሃኑን ወደ መካከሉ ስለሚሰበስብ ውስጡ ከውጭው አየር ይሞቃል፤ በዚህም ነፍሳት ሊሞቁበት ይገቡበታል፣ ዘሩም ቶሎ ይበስላል። በሌላ በኩል ከሂማልያ ተራሮች የመጣው ሰማያዊ ፓፒ አለ፤ ሰማያዊነቱ ከሩቅ ሲያዩት ወረቀት ያስመስለዋል። በሞቃት አገር ለማሳደግ እጅግ አስቸጋሪ ነው የሚባለው ይህ አበባ፣ የሐምሌ ሙቀቱ በአማካይ ከ12 ዲግሪ ብዙም በማይርቅበትና ካፊያ በማያጣው በዚህ ስፍራ ከጉልበቴ በላይ አድጎ አየሁት። ተክል የሚያስፈልገው ትክክለኛው ቦታ እንጂ ሞቃቱ ቦታ አይደለም ይሉን የነበረውን አስታወስሁ።

ከአፍሪካም የመጡ አሉ፤ አብዛኞቹ ከደቡብ አፍሪካና ከሌሶቶ ከፍተኛ ተራሮች ናቸው። የሰሜን ተራሮቻችንን ጅባራ ባገኝ ብዬ በየሰሌዳው ስፈልግ ቆየሁ፣ አላገኘሁትም። በኋላ ሳስበው ግን ጅባራ እዚህ መኖር የሚችል አልመሰለኝም። በእኛ ደጋ ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ሌሊት ውርጩ ይነድዳል፤ ጅባራም ማታ ቅጠሉን ወደ ልቡ ሰብስቦ እምቡጡን እየሸፈነ፣ ጠዋት እየገለጠ ይኖራል። በጋውና ክረምቱ በአንድ ቀን ውስጥ ስለሚፈራረቁበት ለዚያ ተሠርቷል። ይህኛው ምድር ግን ስድስትና ሰባት ወር በበረዶ ተኝቶ፣ ከዚያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሁሉን እንዲጨርስ ይጠይቃል።

አሁን ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ወዳደረገኝ ነገር ልምጣ። ከአንድ ቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ፣ ስም ሰሌዳ የሌለው አንድ ትንሽ ነጭ አበባ በቅሎ አየሁ። አበባው ጎመን ዘር ሲያብብ እንደምናየው አራት ቅጠል በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ ነው። ከታች ያለው ቅጠሉ ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሸነሸነና ሲነኩት ሻካራ ሲሆን፣ ከላይ ያለው ደግሞ ግንዱን ታቅፎ ይዞታል። አንድ አትክልተኛ በነጋታው መጥቼ ሳገኘው ተንበርክኮ መደቡን ያርም ነበርና ስሙን ጠየቅሁት። ማንም ሳይተክለው ከዱር ዘሩን እየዘራ የሚገባ የአገሩ ተክል እንደሆነ ነገረኝ። ስሙ በሳይንሱ አራቢስ አልፒና ነው። በአገሩ ቋንቋ ግን ስሙ የሚጀምረው ተራራ በሚለው ቃል ነው፤ ተራራን ሲጠሩም ፍየል የምንል እስኪመስል ድረስ ከእኛ ቃል ጋር ይቀራረባል። ከየት እንደ መጣሁ ጠይቆኝ ከደባርቅ፣ ከሰሜን ተራሮች ሥር መሆኔን ስነግረው ከተንበረከከበት ተነሣ። «ይህ አበባ እናንተም ዘንድ አለ» አለኝ።

ቤት ገብቼ ሳጣራ እውነቱን ነው። ይኸው አበባ በሰሜን ተራሮችም፣ በባሌም፣ እዚህ በዋልታው ዳርም ይበቅላል። የዘር ሐረጉን የመረመሩ ሊቃውንት መነሻው ትንሹ እስያ እንደሆነ፣ ከዚያም አንዱ ወገን ወደ አውሮፓና ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወገን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች እንደ ተጓዘ ያስረዳሉ። አባቴ፣ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ ስኖር ከአገሬ ጋር የሚያገናኘኝ አንዳች ነገር መሬት ላይ አይኖርም ብዬ ነበር፤ በየመንገዱ ዳር ስረግጠው ኖሬአለሁ ማለት ነው።

አትክልተኛው አንድ ዘለላ ነቅሎ ሰጥቶኝ በመጽሐፍ ውስጥ አድርቄዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በወረቀት ተጠቅልሎ ያገኙታል። እጅዎ ላይ ሲይዙት እንዳይሰበር ይጠንቀቁ። «በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ ሲጠይቀኝ መመለስ አልቻልሁም፤ አባቴን ጠይቄ እነግርሃለሁ ብዬው መጣሁ። ጥላ ያለበትና እርጥበት የማያጣው የገደል ሥር ይወዳል አሉ። እርስዎ ራስዎ ገደል እንዲወጡልኝ አይደለም፤ ወንድሜ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ወዳለው ወደ ጨነቅ ሲወጣ ይህን ዘለላ ይያዝና እረኞቹንና የፓርኩን ጠባቂዎች ያሳያቸው። እርስዎ በዓይን አይተው የሚያውቁት ከሆነማ ከዚያም በፊት ይጻፉልኝ፤ አትክልተኛው ስሙን ከሌሎቹ ጎን በእርሳስ ለመጻፍ ቦታ ትቶልኛል።

እናቴን፣ ወንድሜንና ልጆቹን ሁሉ ሳሙልኝ።

እጅ ነሥታ ጉልበትዎን የምትስም
ልጅዎ