የቅዳሜው ንባባችን፦ ወጥ ቤት ውስጥ የተገኘ ፍንጭ

ሰላም ለሁላችሁ፣

የዚህ ወር ምርጫችን ምግብ የሚሸት የወንጀል ታሪክ ነው። አትፍሩ፣ ደም አይረጭበትም። ሟቹ ቶሎ ይሞታል፤ የቀረው ምግብ፣ ሐሜትና ነገር የማያመልጣቸው አንዲት አሮጊት ናቸው።

ከእነዚህ አሮጊቶች ታዋቂዋ የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲ ገጸ ባሕርይ ሚስ ማርፕል ናቸው (በዕድሜያቸው አንቱ ብያለሁ)። እ.ኤ.አ. በ1927 በአጭር ልብ ወለድ ብቅ አሉ፤ በ1930 ረጅሙ ተከተለ። ሹራብ እየሠሩ ያዳምጣሉ፣ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራቸውም። ጉልበታቸውም እሱ ነው። ደራሲዋ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ውስጥ ሠርታለች፤ ስለ መርዝ የተማረችው እዚያ ነው።

እኔ ግን ሳነብ የሚታየኝ የጅማ ሰፈራችን ነው። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ሲወርድ ያልተወራ ጉድ አይቀርም። እስቲ አስቡት፦ ረከቦቱ ላይ አምስት ሲኒ፣ አራት ዘለላ ጤና አዳም። ጎረምሳው ስልኩን ይነካካል። እማማ ግን ጥግ ላይ በርጩማቸው ላይ ሆነው ቆጥረዋል። የአምስተኛው ሲኒ ጤና አዳም የት ገባ?

ቅዳሜ 9 ሰዓት፣ በተለመደው ቦታ። እያንዳንዳችሁ ምግብ ፍንጭ የሆነበት ግማሽ ገጽ ታሪክ ጻፉ። የሚበላም ያዙ፤ ባለፈው ድፎ ዳቦውን ማን እንደጨረሰው እስካሁን አልተደረሰበትም። እኔ የምጠረጥረው ሰው አለ።

የሊሙ ቡና ከእኔ።