በዕጣ የተከፈለ ቡድን፦ የማኅበራዊ ሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የያዘው ጥያቄ፣ ሰው ሰውን ለማግለል ምን ያህል ምክንያት ይበቃዋል የሚል ነበር።

አንደኛው መንፈቅ ዓመት በማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪው በሄንሪ ታይፍል ሙከራ አለፈ። ታይፍል ከ14 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን ወንድ ተማሪዎች «የክሌን ሥዕል የምትወዱ»፣ «የካንዲንስኪን የምትወዱ» ብሎ ከፈላቸው፤ ድልድሉ ግን በዕጣ ነበር። ውጤቱ በ1970 እ.ኤ.አ. ታተመ። ልጆቹ ነጥብ ሲያድሉ ለራሳቸው ወገን አዳሉ። እኛን ያነጋገረን ግን ሌላው ነው፦ የወገናቸው ድርሻ ቢያንስም እንኳ ከተቃራኒው የሚበልጡበትን አከፋፈል መምረጣቸው።

እኛም በባለቀለም ወረቀት ዕጣ ሞከርነው። ነጥብ የሚሰጠው ለተማሪው መለያ ቁጥር እንጂ ለስሙ መሆን የለበትም፤ ስም ከተጻፈ ያዳላው ጓደኝነት ይሁን ወገንተኝነት አይለይም። ደወል ሳይደወልም ድልድሉ ዕጣ እንደነበር ይነገራል። ካልሆነ ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ እንደተለያዩ ወደ ዕረፍት ይወጣሉ።

አንዱን ተማሪ እያለፉ ኳስ የመቀባበሉን ጨዋታ ሰረዝነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኪፕሊንግ ዊልያምስና ባልደረቦቹ በኮምፒውተር ባካሄዱት ተመሳሳይ ሙከራ፣ ኳሱን የነፈጋቸው ማሽን መሆኑ የተነገራቸው ሰዎችም ተከፍተዋል። በክፍል ጓደኛ ሲሆንማ! አነበብነው፣ ተወያየንበት፤ ይበቃል።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ መፍትሔው ዞርን። አንድ ላይ ማስቀመጥ ብቻውን አያቀራርብም። ተመራማሪው ሙዛፈር ሸሪፍ በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ለሁለት ቡድን ከፍሎ ያጣላቸው 22 ልጆች አብረው እንዲበሉ ሲደረግ ምግብ ተወራወሩ። ጠቡ የረገበው የውኃ መስመር ተበላሽቶ፣ መኪናም በገመድ መጎተት ኖሮበት፣ አንዱ ያለ ሌላው የማይሆንለት ሥራ ሲመጣ ነው።

ስለዚህ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤሊየት አሮንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦስቲን ላይ የጀመረውን ጂግሶው የተባለ የቡድን መማሪያ ዘዴ ወሰድን። አምስት ተማሪ፣ አምስት ክፍል ያለው ትምህርት፣ ለእያንዳንዱ አንድ ክፍል። ተመሳሳይ ክፍል የደረሳቸው ተገናኝተው ያጠናሉ፤ ከዚያ ወደየቡድናቸው ተመልሰው ያስተምራሉ። ፈተናው የግል ነው፤ የቡድን ውጤት ከሆነ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይተኛል። ድልድሉን መምህሩ ይሠራል። አስቀድሞ እያንዳንዱ አብሮት መሥራት የሚፈልገውን ሦስት ሰው በምስጢር ይጽፋል፤ «የማትፈልጉትስ?» ተብሎ በፍጹም አይጠየቅም። ማንም ያልጻፈው ልጅ እሱ ከጻፋቸው አንዱ ጋር ይመደባል።

የመጀመሪያው ዙር ተበላሸ። አስረጂው ትንሽ ሲንተባተብ ጎበዙ «ወረቀቱን ስጠኝ፣ እኔ ላንብበው» ይላል፤ ያ ልጅ ከዚያ በኋላ አይናገርም። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ወረቀቱ ተገልብጦ ተቀመጠ፣ አድማጭም መጠየቅ እንጂ ማስረዳት ተከለከለ። የቀረ ተማሪ ካለ ደግሞ ያንኑ ክፍል ያጠና ከሌላ ቡድን መጥቶ ያስረዳል።

ለሚቀጥለው አስተባባሪ፦ የጂግሶው ትምህርት ክፍሎች የተጻፉባቸው ወረቀቶች በክበቡ ሳጥን ውስጥ ናቸው። አራተኛው ክፍል ከሌሎቹ ረዝሟል፤ የደረሰው ሁሉ ሳይጨርስ ሰዓት ያልቅበታልና ይጠር።