አንቺ አልብሻት

ውድ ልጄ፣

የላክሽልኝን የሥዕልሽን ፎቶ በስልኬ ደጋግሜ ተመለከትሁት። መምህርሽ «ይህ ተረት እንጂ ሥዕል አይደለም» ማለቱ እንዳስከፋሽ ስለ ነገርሽኝ የሚሰማኝን ልጽፍልሽ ወደድሁ።

የሳልሽው የሐይቃችንን ታሪክ መሆኑን ለማወቅ አልተቸገርሁም። አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር ሴት ብትበድል እግዚአብሔር ተቆጥቶ ነፍሰ ጡሯ ከተቀመጠችበት ስፍራ በቀር ዙሪያውን ሁሉ ውኃ እንዳደረገው የማያወራ የሐይቅ ከተማ ሰው የለም። አያትሽ ግን «ተረት ተረት» ብለው፣ እናንተም «የላም በረት» ብላችሁ ከመለሳችሁላቸው በኋላ፣ ውኃው መነሣት የሚጀምርበት ቦታ ሲደርሱ ድንገት ዝም ብለው በመቆስቆሻው ፍሙን ይነካኩ ነበር፤ እናንተም ትንፋሻችሁን ውጣችሁ ውኃው የት እንደ ደረሰ በየልባችሁ ታዩ ነበር። የሴትዮዋን መልክ አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም። አንድ ማታ «ቀሚሷ ምን ዓይነት ነበር?» ብለሽ ብትጠይቂያቸው «አንቺ አልብሻት» ያሉሽን እኔ አልረሳሁትም።

በአሁኑ ሥዕልሽ የልዕልቲቱን ጥላ፣ የአሽከሮቿን ጋሻ፣ የነፍሰ ጡሯን እንባ ሳይቀር ስለሽ ጨርሰሻል። ስለዚህ መምህርሽ በከፊል ልክ ይመስለኛል፤ ጥፋቱ ግን የተረቱ ሳይሆን፣ የአያትሽን ቃል ወስደሽ ዝምታቸውን መተውሽ ነው። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ በሄድን ጊዜ ካህኑ ዓለቱ ላይ ያለውን ምልክት «የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው» ብለው ሲያሳዩን፣ ፈረሱም ፈረሰኛውም በሌሉበት አንቺ ቀና ብለሽ ፈረሱን ስትፈልጊ አይቼሻለሁ።

በነፍሰ ጡሯ ምክንያት ከውኃ ተረፈ የሚባለው ስፍራ ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ሆኖ ሴት የማያስገባ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አንቺም ከዳር ሆነሽ ብቻ ስላየሽው ይመስለኛል፣ በ12 ዓመትሽ በምድጃው ከሰል ስትስዪው ዙሪያውን በውኃ አጥቁረሽ መሀሉን ወረቀቱን እንዳለ ነጭ የተውሽው። ያን ወረቀት ከአያትሽ ሣጥን ውስጥ አግኝቼ፣ በሁለት ካርቶን መሀል አድርጌ ከበሶው ጋር በነገው አውቶቡስ እልክልሻለሁ። አንዱን ጠርዝ አይጥ በልቶታል፤ ነጩን ግን አልነካውም።

አባትሽ